በከተማ መካከል ስለ ተጣለ የጋራ ቦታና ከውዳቂ ዕቃ ስለሚበጅ የአትክልት ስፍራ
(የቦሌን አገር ምሳሌ በማድረግ)

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ ወደ አራቱም ማዕዘን ስትሰፋ፥ በምሥራቅ በኩል ያለው የቦሌ ሜዳ ለብዙ ዘመን የእርሻና የግጦሽ አገር ሆኖ ቆይቶ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። እህል ይዘራበት በነበረው ምድር ላይ መንገድ ወጣ፥ ቤት ተሠራ፥ ከዚያም ፎቅ በፎቅ ላይ ተደራረበ። ዛሬ በገርጂ፥ በሰሚት፥ በአያት፥ በቡልቡላና በአራብሳ ብዙ ሕዝብ ተቀራርቦ ይኖራል፤ በቤትና በቤት መካከል የቀረው ባዶ ስፍራ ግን ጠባቂው ማን እንደ ሆነ ስላልታወቀ በብዙ ቦታ የጉድፍ መጣያና የሕንፃ ፍርስራሽ መከመሪያ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ነገር የቦሌ ብቻ አይደለም። በደሴም ሆነ በጎንደር፥ በጅማም ሆነ በድሬዳዋ፥ ከተማ እየሰፋ በሄደ መጠን ሹሙም ባለ ይዞታውም ነዋሪውም የእኔ ነው የማይሉት ቦታ በየመንደሩ እየበዛ ይሄዳል። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ከተጣለ ዕቃ መደብ አብጅቶ አትክልት ለማብቀል እንደሚቻል ብዙ ሰው ያውቃል፤ በሰኔ የሚጀምረውም ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ በሰኔ የተተከለው ብዙ ጊዜ በጥር ደርቆ ይገኛል። የዚህም ምክንያት የዕቃ እጦት አይደለም። ቦታው የማን እንደ ሆነ፥ በመሬቱ ላይ አስቀድሞ ምን እንደ ፈሰሰበት፥ በበጋም ውኃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሥራው ስለሚጀመር ነው። እነዚህንም ነገሮች ለማስተካከል ከነዋሪው ይልቅ ሹሙና ባለ ይዞታው ይችላሉ።

አስቀድሞ ስለ ቦታው። በ1996 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እርዳታ በቦሌ ገርጂ ለሙከራ ባለ ፎቅ የጋራ ቤቶችን አሠራ፤ እነዚህም ከዚያ ወዲህ በከተማው ዙሪያ ለተሠሩት ኮንዶሚኒየም ለተባሉት ቤቶች መነሻ ሆኑ። እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ ለእንጀራ መጋገሪያ፥ ለልብስ ማጠቢያና ለበግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ቤት፥ በመካከላቸውም ባዶ ግቢ ይተውላቸዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 ከየግል ቤቱ ውጭ ያለው ስፍራ የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ መጠቀሚያ እንዲሆን፥ ባለቤቶቹም ማኅበር አቋቁመው እንዲያስተዳድሩት ወስኗል። ስለዚህ በሕግ ዓይን ሲታይ ጌታ የሌለው ግቢ የለም።

በሥራ ሲታይ ግን ሌላ ነው። የቤቱ ባለቤት ብዙ ጊዜ ቤቱን አከራይቶ በሌላ ሰፈር ይኖራል፤ በማኅበሩ ስብሰባ ድምፅ ያለው እርሱ ነው። ጉድፉን በየቀኑ የሚያየው፥ ልጆቹንም በዚያ የሚያሳድገው ተከራዩ ነው፤ ድምፅ ግን የለውም። እንግዲህ ለመሥራት ፈቃድ ያለው ሰው መብት የለውም፤ መብት ያለው ሰው ደግሞ በስፍራው አይገኝም። የወረዳ ሹም በዚህ ነገር ቢገባ ሊያደርገው የሚገባው ባለቤቱንና ተከራዩን በአንድ ቀን ሰብስቦ፥ አትክልት የሚሠራበትን ወሰን አስለክቶ፥ በቦታው የሚኖር ሁሉ ባለቤት ቢሆን ባይሆን መደብ ለመያዝ የሚችል መሆኑን በጽሑፍ ማስፈረም ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። በእርሱም ውስጥ ቦታው ለስንት ዓመት እንደ ተፈቀደ፥ ለሌላ ሥራ ቢፈለግ ለአትክልተኞቹ ከስንት ወር በፊት እንደሚነገራቸው ይጻፍ። ካሮት ተዘርቶ እስኪነቀል ሦስት ወር ያህል ይፈጃልና ከዚህ ያነሰ ጊዜ መስጠት ሰውን በከንቱ ማድከም ነው።

በኩባ ደሴት ይህን ነገር በትልቁ አይተውታል። በ1983 ዓ.ም. ገደማ የሶቪየት መንግሥት ሲፈርስ ከእርሱ ይመጣ የነበረው ነዳጅና ማዳበሪያ ስለ ተቋረጠ፥ የሃቫና ሰዎች በከተማቸው ውስጥ ባዶ በሆነው ስፍራ ሁሉ ዙሪያውን በድንጋይና በአሮጌ የጣራ ክዳን እየከለሉ፥ ውስጡን በብስባሽ እየሞሉ አትክልት ተከሉ። ሥራው ሊጸና የቻለበት ዋናው ምክንያት መንግሥቱ ባዶውን ቦታ ያለ ኪራይ በመጠቀሚያነት ስለ ሰጣቸው ነው።

የከተማ ቦታ መልኩን ቶሎ የሚለውጥ መሆኑን ደግሞ መርሳት አይገባም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ቦሌን ጨምሮ በብዙ ሰፈር የመንገዱን ዳር አዲስ መልክ ሰጥቶታል። ስለዚህ ሹሙ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የከተማውን ፕላን ይመልከት። ቦታው በቅርብ ጊዜ የሚፈለግ ሆኖ ቢገኝ አትክልቱ በከረጢት፥ በጀሪካንና በሣጥን እንጂ በመሬት ላይ አይተከል፤ እንዲህ ያለው አትክልት በአንድ ቀን በጋሪ ተጭኖ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራልና። ከውዳቂ ዕቃ መሥራት ርካሽ ስለ ሆነ ብቻ የሚመረጥ ይመስላል፤ እውነተኛው ጥቅሙ ግን ይህ ተነሥቶ መሄዱ ነው።

ቀጥሎ የመሬቱ ነገር ነው፤ እርሱም ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነው። ከቦሌ አጠገብ የሚያልፉት ወንዞች ከከተማው መካከል የሚወርደውን እድፍ ይዘው ወደ አቃቂ፥ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይሄዳሉ። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የታተመ አንድ ጥናት በቄራና በቦሌ በኩል በፒኮክ የአትክልት እርሻዎች የበቀሉትን ቅጠላ ቅጠሎች መርምሮ፥ በአንዳንዶቹ ላይ ከሚፈቀደው መጠን ያለፈ ከባድ ማዕድን አግኝቶባቸዋል። እንዲህ ያለው መርዝ በዓይን አይታይም፥ በመታጠብም ሁሉ አይለቅም፥ በመቀቀልም አይጠፋም፤ በሥሩ በኩል ወደ ቅጠሉ ይገባልና። ሰላጣና ቆስጣ የመሳሰሉት ለስላሳ ቅጠሎች ከቲማቲምና ከቃሪያ ፍሬ ይልቅ ይህን ነገር ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ስለዚህ የተበከለ ወንዝ ውኃ ለአትክልት ማጠጫ እንዳይሆን ሹሙ በግልጥ ይከልክል።

ለመፍቀድ የታሰበውንም ቦታ አሮጊትና ሽማግሌ ጠርቶ መጠየቅ ከመሣሪያ ይቀድማል። ጋራዥ ነበረበት ወይ፤ የመኪና ባትሪ ይፈታበት ነበር ወይ፤ የቀለም ቆርቆሮ ይጣልበት፥ የተቃጠለ ዘይት ይደፋበት ነበር ወይ። ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ በዚያ መሬት ላይ በቀጥታ አይተከልም፤ የአፈር ናሙና ወደ መመርመሪያ ቤት ልኮ መጠበቅ፥ ያለዚያም በንጹሕ አፈር በተሞላ ታችኛው ክፍሉ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ማብቀል ነው። የሕንፃ ፍርስራሽ ብቻ ሆኖ ቢገኝ አደጋው ያነሰ ነው፤ ሲሚንቶውና ኖራው ግን አፈሩን ስለሚያመርር ፍርስራሹ ተለቅሞ ለመረማመጃ መንገድ ይነጠፍ።

የቦሌ ምድር በተፈጥሮው መረሬ ነው። መረሬ አፈር ለምለም ነው፤ ነገር ግን በክረምት ውኃ አግቶ ሥር ያበሰብሳል፥ በበጋም እጅ እስኪገባ ይሰነጠቃል። የሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ስለሚያውቁ በክረምት መጀመሪያ ቤተ ሰቡ ሁሉ ወጥቶ አፈሩን በእጁ እየሳበ ከፍ ያለ መደብና ዝቅ ያለ ቦይ እያደረገ ያበጀዋል፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፥ እህሉም በመደቡ ላይ ይቆማል። የከተማ አትክልተኛም ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አያስፈልገውም። የመደቡ ወርድ ከ1 ሜትር ከ20 አይብለጥ፤ ከሁለቱም ወገን እጅ እስከ መካከሉ እንዲደርስና አፈሩ እንዳይረገጥ ነው። በመደብና በመደብ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተው። ለቅጠላ ቅጠል 20 ሳንቲ ሜትር፥ ለካሮትና ለቀይ ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የላላ አፈር ይበቃል። የመደቡን ጠርዝ ለመያዝ አሮጌ ጣውላ፥ የተሰበረ ብሎኬት ወይም ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ተደርድሮ ሊያገለግል ይችላል።

ዕቃውን ለማግኘት ብዙ መድከም አያሻም። አዲስ አበባ የተጣለን ዕቃ ዋጋ እንዲያወጣ ያደረገች ከተማ ናት፤ በየመንደሩ እየጮኸ የሚዞረው ቆራሌ የሚሰበስበው ቆርቆሮ፥ ጀሪካንና ጠርሙስ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ እንደ ገና ምድጃና ባልዲ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አትክልተኞቹ ከቆራሌው ጋር መስማማት ይገባቸዋል እንጂ ሊሻሙት አይገባም፤ የሰው እንጀራ ነውና። ለአትክልት የሚፈለገው ደግሞ ብዙ ጊዜ እርሱ የማይገዛው ነው፤ የተቀደደ የማዳበሪያ ከረጢት፥ የተሰነጠቀ ጀሪካን፥ ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለው የውኃ ፕላስቲክ።

በከረጢት የመትከል ብልሃት በናይሮቢ ኪቤራ በተባለው ሰፈር በጣም ተስፋፍቷል፤ ይልቁንም በ2000 ዓ.ም. በምርጫ ጠብ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ምግብ ባጠረ ጊዜ ጥቅሙ ታየ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ክዳንና ቂጥ የሌለው ትልቅ ጣሳ በከረጢቱ መካከል ይቆምና ጠጠር ይሞላበታል፤ በዙሪያው አፈርና ብስባሽ ይደረጋል። አፈሩ ከጣሳው ጫፍ ሲደርስ ጣሳው ወደ ላይ ይሳባል፥ እንደ ገና ጠጠር ይሞላል፤ ከረጢቱ እስኪሞላ እንዲሁ ይደረጋል። በመጨረሻ ጣሳው ወጥቶ የጠጠሩ ዓምድ በመካከል ይቀራል፤ ከላይ የፈሰሰውም ውኃ በዚያ በኩል እስከ ታች ይደርሳል። ያለዚህ ዓምድ የላይኛው ሰምጦ የታችኛው ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በከረጢቱ ጎን በስንዝር በስንዝር ርቀት ቀዳዳ እየተበሳ የጎመንና የቆስጣ ችግኝ ይተከላል።

ጎማን በሚመለከት አሳብ የተለያየ ነው። ከጎማ ውስጥ ዚንክና ሌላም ነገር ቀስ በቀስ ወደ አፈር እንደሚወጣ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ለአበባና ለዛፍ ችግኝ ቢውል እንጂ ለቅጠላ ቅጠል ባይውል ይሻላል። ጸረ ተባይ ወይም ሌላ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ደግሞ መቼም ቢታጠብ ለምግብ ተክል አይሆንም።

በቆላ አገር ያሉ ሹማምንት አንድ ተጨማሪ ነገር ማሰብ አለባቸው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብርዱ ከትንኝ ይጠብቀዋል፤ ሌላው አገር ግን እንዲህ አይደለም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሀር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ተገኘች፤ እርስዋም በከተማ ውስጥ በበርሜልና በገንዳ ውኃ የምትራባ ናት። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። በዚያው ከተማ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ ትኩሳት ተነሥቶ ነበር፤ የዴንጊ ትንኝም በአሮጌ ጎማ ውስጥ በቆመ ውኃ መራባት የምትወድ ናት። ስለዚህ በቆላና በወይና ደጋ አገር የአትክልት በርሜል ያለ ክዳንና ያለ ወንፊት ጨርቅ፥ ጎማም ያለ ቀዳዳ እንዳይቀመጥ በትእዛዝ መከልከል ያስፈልጋል። አትክልት ተብሎ በሽታ እንዳይዘራ።

ብስባሹን በዚያው በግቢው ማዘጋጀት ይቻላል። ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ጉድፍ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነው፤ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፥ የቡና አተላ፥ የሸንኮራ ምጣጭ፥ የጫት ገረባ። ይህ ሁሉ በመኪና እየተጫነ ወደ ረጲ ሲከመር ለብዙ ዓመት ኖሮአል፤ ቆሼ የተባለው ያ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ከነቤታቸው ቀብሯል። ከአንድ ግቢ የሚቀረው ጥቂት ልጣጭ ያን የሚያህል ክምር አያጎድልም፤ ነገር ግን ለአትክልቱ ሀብት ነው።

በመረሬ አገር የብስባሽ ጉድጓድ በክረምት ውኃ ስለሚሞላ ከመሬት በላይ ባለው በጣውላ ወይም በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ መከመር ይሻላል። ሁለት እጅ ደረቅ ነገር፥ ማለት ገለባ፥ ደረቅ ሣርና የተቀደደ ካርቶን፥ አንድ እጅ እርጥብ ነገር እየተደረበ ይከመራል፤ በየድርቡ ጥቂት ፍግ ቢጨመር ቶሎ ይሞቃል። በእጅ ጨብጠው ሲጨምቁት ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣው እርጥበቱ ልክ ነው። አንድ በትር እስከ መካከሉ ሰክቶ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲያወጡት ሊይዙት የማይቻል ትኩስ ከሆነ ሥራው በደኅና ይሄዳል፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ፈርሶ እንደ ገና ይከመር። በየሁለት ሳምንቱ ቢገላበጥ በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል። ሥጋና አጥንት አይጨመርበት፤ ውሻን፥ በከተማው ዳርም ጅብን ይጠራልና። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለበት እጅግ ቀስ ብሎ ይበሰብሳል፤ ብዙ ማድረግ አይገባም።

በፎቅ መካከል የሚተክል ሰው ፀሐይን ማስላት አለበት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለ ሆነች በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ 15 ሜትር ቁመት ያለው ፎቅም በዚያ ወር በቀትር ጊዜ ወደ ሰሜን 9 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል። በሰኔ ግን ፀሐይ ወደ ሰሜን አልፋ ስለምትሄድ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል፥ ርዝመቱም 4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ለበጋ የሚሆነው መደብ ከፎቁ በስተ ደቡብ ይሁን። ከሰሜን በኩል በቅርብ ያለው ስፍራ ለብስባሹና ለውኃ በርሜሉ ይተው።

የውኃው ነገር በሒሳብ መታየት ያለበት ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሊትር ውኃ ይሆናል፤ ይህም አምስት በርሜል ይሞላል። በጣም ብዙ ይመስላል። ነገር ግን 20 ካሬ ሜትር መደብ በበጋ በቀን 80 ወይም 100 ሊትር ይጠጣልና አምስቱ በርሜል በ12 ቀን ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ የጣራ ውኃ ለመስከረምና ለጥቅምት ማሸጋገሪያ እንጂ ለበጋ ሁሉ መተማመኛ አይሆንም። በበጋ የሚቀጥለው አትክልት ከቧንቧ ወይም አትክልትና እህል ከታጠበበት ውኃ የሚጠጣ ነው፤ በረኪናና ብዙ ሳሙና ያለበት እጣቢ ግን አይሆንም። በሃይላንዱ ክዳን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አድርጎ አፉን ወደ ታች ከሥሩ አጠገብ መትከል ውኃውን ጠብ ጠብ እያደረገ ያቆየዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ውኃ የማይበቃ ከሆነ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መደቡን ግማሽ ብቻ መትከል ይሻላል። ቧንቧው የጋራ እንደ ሆነ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ በዚያው በፈቃዱ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የጋራ አትክልትን የሚያፈርስ ጠብ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሣል።

ለመጀመሪያው ዓመት የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ይመረጣሉ፤ ከታች በኩል ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ለብዙ ወር ስለሚበላ ነው። ካሮትና ቀይ ሥር ይከተላሉ። ቲማቲም በክረምት በሻጋታ በሽታ እንደ ተቃጠለ ስለሚሆን ለበጋ ይቆይ። ጤና አዳም፥ በሶብላና ጠጅ ሣር በዳር በዳር ይተከሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት በአሮጌ ጆንያ መሸፈን ይጠቅማል። 20 ካሬ ሜትር አትክልት 50 ቤተ ሰብ እንደማይመግብ አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ ሹሙ በስብሰባ ላይ ብዙ ተስፋ ከሰጠ ሕዝቡ በመጀመሪያው ወር አዝኖ ይቀራል። አትክልቱ የሚሰጠው ለወጡ ማጣፈጫ፥ ለልጆች አረንጓዴ ቅጠል፥ ለግቢውም ንጽሕና ነው።

የሥራ ክፍያና የምርት ክፍፍል ብዙ ምክር የሚሰጥበት ነገር ነው፤ አንዳንዱ ሁሉ በአንድነት ሠርቶ በአንድነት ይካፈል ይላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት በዚህ ይጠቀሳል። ነገር ግን በተረቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሎሚ እንደሚደርሰው ልብ ማለት ያስፈልጋል። መደቡና ከረጢቱ ለየቤተ ሰቡ በቁጥር ቢሰጥ፥ ብስባሹ፥ በርሜሉና አጥሩ ብቻ የጋራ ቢሆን ይበጃል። አዲስ ማኅበር ከማቋቋም ይልቅ በሰፈሩ ያለውን ዕድር መጠቀም ቀላል ነው፤ ዕድሩ ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፥ ተከራዩም እንደ ባለቤቱ በውስጡ ይገኛል። የበርሜሉ ቁልፍ በየወሩ በተራ ይያዝ፤ ሁለት ወር መደቡን ሳያርም የተወው ሰው መደቡ ለሚቀጥለው ይሰጥ።

የማዳበሪያ ከረጢት በፀሐይ ሲቆይ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት አገልግሎ ይቦተረፋል፤ ክሩም እየተበጣጠሰ ወደ አፈር ይገባል። ይህ ክር ስለማይበሰብስ አፈሩን ለዘለዓለም ያቆሽሻል። ስለዚህ ከረጢቱ ጫፉ መፍረስ እንደ ጀመረ፥ በግንቦት ከዝናቡ በፊት፥ አፈሩ ወደ አዲስ ከረጢት ይገልበጥ፤ አሮጌውም ተጠቅልሎ ለጉድፍ ሰብሳቢዎች ይሰጥ።